የማርስ ጉዞ መሰናዶና የዳሎል ፈተና

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር ለመጽሔቱ አንባቢያን የተዘጋጀ)



የተከበራችሁ አድማጮቻችንና ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ማርስ ስለሚላኩ ሮቦቶች፣ በተለይም ከመላካቸው በፊት ስለሚደረገው ረጅም መሰናዶ እንነጋገራለን። "ይህ ደግሞ እኛን ምን አገባን?" የሚል አይጠፋም። የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ በሚያሳስብበት ጊዜ ስለ ማርስ ማውራት ቅንጦት ሊመስልም ይችላል። ዳሩ ግን ከዚህ መሰናዶ አንዱ ክፍል ሲካሄድ የቆየው በገዛ አገራችን፣ በአፋር ክልል፣ ዳሎል በተባለው ስፍራ ነው። የሩቅ አገር ሰዎች ማርስን ለማወቅ ብለው ወደ እኛ በረሃ ሲመጡ፣ እኛ የአገሩ ልጆች ለምን እንደመጡ እንኳ ሳናውቅ ብንቀር የሚያስቆጭ ነው።

ነገሩን በአጭሩ እናስቀምጠው። ወደ ማርስ የሚላኩ ሮቦቶች እንዲመልሷቸው ከሚፈለጉት ጥያቄዎች ትልቁ "እዚያ ሕይወት ያለው ነገር ኖሮ ያውቃልን?" የሚለው ነው። መሰናዶው ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ ለዚህ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ይዞ ላለመምጣት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ዳሎል ደግሞ ይህ ጥንቃቄ የሚፈተንበት ቦታ ነው። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ማርስ ምን ዓይነት ቦታ ናት?

ማርስ በዐረብኛ አል-ሚሪኽ ትባላለች። ከፀሐይ ተነሥተን ስንቆጥር አራተኛዋ ፕላኔት ስትሆን፣ ከጎን እስከ ጎን ስትለካ የምድርን ግማሽ ያህል ናት። ቀኗ ከእኛ ቀን ብዙም አይለይም፤ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ያህል ነው። ዓመቷ ግን 687 የምድር ቀናት ይፈጃል። ቅላቷ የመጣው አፈሯ ውስጥ ካለው የዛገ ብረት ነው። በአቃቂና በቃሊቲ በየፋብሪካው ግቢ ዝናብ ሲመታው የኖረ አሮጌ ብረት የሚለብሰው ቀይ ዝገትና የማርስ አቧራ ቅላት በመሠረቱ አንድ ምንጭ አላቸው።

አየሯ በጣም ስስ ነው። ግፊቱ ከምድር አየር ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያችው ውስጥም 95 በመቶ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ብርዱ በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ዛሬ ወንዝም ሐይቅም የላትም። ይሁን እንጂ መንኮራኩሮች ያነሷቸው ፎቶግራፎች የደረቁ የወንዝ መውረጃዎችንና ሐይቅ ተኝቶባቸው የነበሩ ጎድጓዳ ቦታዎችን አሳይተዋል። ውኃ ሳይኖር የማይፈጠር የሸክላ አፈርም ተገኝቷል። ስለዚህ ከሦስት ቢሊዮን ዓመታት በፊት በማርስ ላይ ውኃ ይፈስ ነበር ማለት ነው። ውኃ ከነበረ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያንስ ነበሩ ወይ? ይህን ለመመርመር ሰው ከመላክ ሮቦት መላክ ይቀላል። ሮቦት አየርና ምግብ አይሻም፤ ወደ ቤቱ መመለስም አይጠበቅበትም።

ይህን ያህል መሰናዶ ለምን አስፈለገ?

ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ጊዜ ነው። ምድርና ማርስ ፀሐይን የሚዞሩት በተለያየ ፍጥነት ነው። በመሆኑም ለጉዞ በሚያመች አቀማመጥ ላይ የሚገኙት በ26 ወራት አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ወቅት የተነሣ መንኮራኩር ሰባት ወር ያህል ተጉዞ ይደርሳል። ወቅቱ ካለፈ ግን፣ ሐጅ ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን ዓመት እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ መንኮራኩሩም ከሁለት ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ይለዋል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። የሬዲዮ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝም ከምድር ማርስ ለመድረስ፣ እንደ ርቀቷ፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስድበታል። ይህን ፕሮግራም ማርስ ላይ ሆናችሁ የምትከታተሉ ቢሆን ኖሮ ሰላምታችን ሲደርሳችሁ እኛ ወደ መሰነባበቻው በተቃረብን ነበር። ሮቦቱ ለማረፍ ሲወርድ በሰዓት 20,000 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ፍጥነት ተነሥቶ በ6 ወይም በ7 ደቂቃ ውስጥ መቆም አለበት። ከምድር ሆኖ "ፍሬን ያዝ!" ሊለው የሚችል የለም። ትእዛዙ እስኪደርሰው ወይ አርፏል፣ ወይ ተከስክሷል። ስለዚህ የሚያደርገውን ሁሉ እዚሁ ተምሮ መሄድ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጠጋኝ አለመኖሩ ነው። ከቃሊቲ የተነሣ ከባድ መኪና አዋሽ ላይ ቢቆም ሜካኒክ መለዋወጫ ይዞ ይሄድለታል። ማርስ ላይ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ እጅ የለም። ለዚህም ነው እያንዳንዱ ዕቃ ምድር ላይ እያለ የሚናጠው፣ የሚሞቀው፣ የሚቀዘቅዘው፣ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የሚቆለፍበት። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት "ሮዛሊንድ ፍራንክሊን" ብሎ ለሰየመው ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት በጣሊያን ቱሪን ከተማ መንትያ አምሳያ ተሠርቶለታል። ዋናው ከመጓዙ በፊት አነዳዱንና ቁፋሮውን መንትያው ይለማመድለታል። የዚሁ ሮቦት ማረፊያ ፓራሹቶች በ2019 ስዊድን ውስጥ ከሰማይ ተለቅቀው ሲሞከሩ ተቀደዱ። ከዚያ በኋላ ተሻሽለውና ተደጋግመው ተፈትነው ነው የተቃኑት። ማርስ ላይ ሊደርስ የነበረው መቀደድ ምድር ላይ በመድረሱ ብዙ የተደከመበት ሮቦት ተርፏል።

ሚዛንና አማና

በዘመናችን አንድ አገር ብቻውን የሚያሰናዳው የማርስ ጉዞ ጥቂት ነው። ሮዛሊንድ ፍራንክሊንን እንውሰድ። የተገጣጠመው በእንግሊዝ አገር ስቲቭኔጅ በተባለች ከተማ ነው። መሰርሰሪያው ከጣሊያን፣ ማዕድንን በሌዘር ብርሃን የሚለየው መሣሪያ ከስፔን፣ ከመሬት በታች ያለውን የሚያየው ራዳር ከፈረንሳይ መጥቷል። የሕይወት ርዝራዥ የሚፈልገውን ትልቁን ላቦራቶሪ ደግሞ ጀርመን፣ ፈረንሳይና አሜሪካ ተጋግዘው ሠርተውታል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያቆመው ከብረትና ከሽቦ በላይ የሆነ ነገር ነው፤ ሚዛንና አማና።

ስለ ሚዛን የሚነገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1999 ናሳ የማርስን አየር ጠባይ እንድታጠና የላካት መንኮራኩር በደረሰችበት ዕለት ጠፋች። ሲጣራ ምክንያቱ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ቡድን የሞተሩን ግፊት በፓውንድ አስልቶ ሰጠ፤ ሌላኛው ቡድን በኒውተን የተሰላ መስሎት ተቀበለ። ቁጥሩን ያዩት ብዙዎች ነበሩ፤ መለኪያው ምን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። መንኮራኩሯ ከታሰበላት መሥመር ዝቅ ብላ የማርስ አየር ውስጥ ገባችና በዚያው ቀረች። በአካባቢያችን ጋራዥ የሚሠሩ ወንድሞች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ብሎኑ በኢንች፣ ዳዶው በሚሊ የወጣ ከሆነ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ሁለት ዙርም ይገባሉ። ሲጠበቅ ግን ጥርሱ ይበላል።

ሁለተኛው ታሪክ የ2016 ነው። ስኪያፓሬሊ የተባለ የአውሮፓ መሞከሪያ መንኮራኩር ማርስ ላይ ሊያርፍ ሲል መወዛወዙን የሚለካው መሣሪያ ለአንድ ሰከንድ ያህል ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ኮምፒውተሩ በዚህ የተዛባ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ሲያሰላ ከመሬት በታች እንደገባ ቆጠረ። ደርሻለሁ ብሎም ፓራሹቱን ለቀቀ፤ ሞተሮቹን ለሦስት ሰከንድ ብቻ አስነሥቶ አጠፋቸው። በእውነቱ ግን ገና 3.7 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነበር። ወድቆ ተከሰከሰ። "ከመሬት በታች ነኝ" የሚል ልኬት ሲመጣ "ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?" ብሎ የሚያጣራ በቂ መቆጣጠሪያ አልተበጀለትም ነበር። ሳያጣሩ የተቀበሉት ወሬ ሰውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያንም እንደሚጥል ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አማና እንምጣ። የአውሮፓው ድርጅት ይህን ጉዞ መጀመሪያ ያቀደው ከአሜሪካ ጋር ነበር። በ2012 አሜሪካ በበጀት ምክንያት ወጣች። በ2013 ሩሲያ ገባች፤ ሮኬቱን፣ የማረፊያ መድረኩንና ሮቦቱን ከብርድ የሚጠብቁትን ማሞቂያዎች ልታቀርብ ተስማማች። የሮቦቱ ጉዞ ከ2018 ወደ 2020፣ ከ2020 ወደ 2022 ተላለፈ። በመጨረሻ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ወራት ሲቀሩት በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ተነሣ፤ የሁለቱ ወገኖች ትብብርም ፈረሰ። ሮቦቱ ተሠርቶ ሳለ የሚወስደው ሮኬትም የሚያርፍበት መድረክም አጣ። ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ። በ2024 አሜሪካ ተመልሳ ሮኬቱን፣ የማረፊያ ሞተሮቹንና ማሞቂያዎቹን እንድታቀርብ ከአውሮፓ ጋር ተፈራረመች። የማረፊያ መድረኩ በአውሮፓ እንደ አዲስ እንዲሠራ ተወሰነ። አሁን የተያዘው ዕቅድ በ2028 እንዲነሣ ነው። በወጣትነቱ ሥራውን የጀመረ መሐንዲስ ውጤቱን የሚያየው ፀጉሩ ሸብቶ ነው። የሰው ልጅ ማርስ የሚያደርስ ዕውቀት ቢኖረውም፣ እርስ በርሱ ካልታመነ ዕውቀቱ መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

የአፋር ምድር ምን ያስተምራል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዳሎል የሚገኘው ደናክል በተባለው ዝቅተኛ ስፍራ ነው። የጨው ሜዳው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይዘቀዝቃል። ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ይህም ሰው በኖረባቸው ስፍራዎች ከተመዘገቡት ሁሉ የሚበልጠው ነው። በዚህ ሐሩር ውስጥ የአፋር ወገኖቻችን ጨው እየጠረቡ በግመል ጭነው ወደ ደጋ ሲልኩ ኖረዋል። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ጨው ከዚህ አካባቢ የወጣ ነው።

ከጨው ሜዳው መካከል የዳሎል ጉብታ ይነሣል። ከሥሩ ያለው የእሳተ ገሞራ ግለት ውኃን ያፈላዋል። የፈላው ውኃ ጨውን ሰንጥቆ ሲወጣ ድኝ፣ ብረትና ሌሎች ማዕድናትን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ገጹ ላይ ቢጫ፣ አረንጓዴና ዝገት የመሰለ ቀለም ያላቸው ኩሬዎች ይፈጠራሉ። ከኩሬዎቹ አንዳንዶቹ ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት አላቸው። አሲዳቸው የመኪና ባትሪ ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ጨዋማነታቸው ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ሙቀት ብቻውን፣ አሲድ ብቻውን፣ ጨው ብቻውን የሚችሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በዓለም ላይ ይታወቃሉ። ሦስቱ በአንድ ኩሬ ሲገናኙስ የሚችላቸው ይኖራል? ተመራማሪዎችን ወደ ዳሎል የሳባቸው ይህ ነው።

ማርስም በጥንት ዘመኗ እሳተ ገሞራ፣ ጨው፣ ብረትና አሲድ ያዘለ ውኃ ነበራት። በ2004 ኦፖርቹኒቲ የተባለው የአሜሪካ ሮቦት በአሲዳማ ውኃ ውስጥ የሚፈጠር ጃሮሳይት የተባለ ማዕድን ማርስ ላይ አግኝቷል። ስለዚህ ዩሮፕላኔት የተባለው የአውሮፓ የምርምር ጥምረት ደናክልን ማርስን ከሚመስሉ ጥቂት የምድር ስፍራዎች ተርታ አስገብቶ ተመራማሪዎች እንዲሠሩበት ደግፏል።

እዚህ ላይ ነው ታላቁ ትምህርት የሚመጣው። በፌሊፔ ጎሜዝ የሚመራ ቡድን በ2017 ከዳሎል ናሙና ወሰደ። በቡድኑ ውስጥ ከስፔንና ከጣሊያን ተመራማሪዎች ጋር ኢትዮጵያዊም ነበረበት። ቡድኑ በግንቦት 2019 ባወጣው ጥናት እጅግ ደቃቅ የሆኑ ክብ ቅርጾች በማዕድኑ ውስጥ ተቀብረው ማየቱን፣ የዘረመል ርዝራዥም ማግኘቱን ገለጸ። በዚህ ፈታኝ ቦታ ተሕዋስያን ይኖራሉ ብሎም ደመደመ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ።

ከአምስት ወር ያህል በኋላ፣ በጥቅምት 2019፣ ሌላ ጥናት ወጣ። በፈረንሳይ የሚሠሩት ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚመሩት ቡድን ከ2016 እስከ 2018 በተከታታይ እየመጣ ብዙ ናሙና ሰብስቦ ነበር። ዘረመሉን መረመሩ፤ ተሕዋስያኑን በላቦራቶሪ ለማራባት ሞከሩ፤ በማይክሮስኮፕ አዩ፤ በመሣሪያ ቆጠሩ። በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ ልዩ ልዩ ተሕዋስያን አገኙ። በአሲዳማዎቹ ኩሬዎች ውስጥ ግን የሚኖር ነገር አላገኙም። ደቃቅ ክብ ቅርጾቹንም አይተዋቸዋል። ሲመረምሯቸው ግን ብዙዎቹ ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋና ጠርሙስ የሚሠሩበት ማዕድን፣ ድብልብል ሆኖ የረጋ ነበር። ጥቂት የዘረመል ርዝራዥም ነበር፤ እሱንም ከላቦራቶሪ ዕቃና ቦታውን ከሚረግጠው ሰው የመጣ ሳይሆን አይቀርም አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን በቤታችን ባለ ነገር እናስረዳ። ክረምት ሲገባ እርጥበት ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ ብናኝ ይወጣል። አንዱ ሻጋታ ነው ይላል፤ ሌላው ጨው ነው ይላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ከዕለት ወደ ዕለት እየሰፉ ይሄዳሉ። በዓይን ብቻ መፍረድ ያስቸግራል። ውኃ ብናንጠባጥብበት ግን ጨው ከሆነ ይሟሟል፤ ሻጋታ ከሆነ አይሟሟም። ማደግ ብቻውን የሕይወት ማስረጃ አይሆንም፤ ሕይወት ያለውን መምሰልም እንዲሁ።

አሁን ሮቦቱን እናስብ። ዳሎል ድረስ በእግራቸው የሄዱ፣ ሲፈልጉ ተመልሰው ናሙና የሚወስዱ፣ ትልልቅ ላቦራቶሪ ያላቸው ሊቃውንት በአንድ ኩሬ ላይ እንዲህ ከተለያዩ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ብቻውን የቆመ ሮቦትማ እንዴት አይሳሳት? ከዚህ በፊትም የሆነ ነገር አለ። በ1996 ከማርስ በመጣ አንድ ድንጋይ ውስጥ የተሕዋስያን ቅሪት የሚመስል ቅርጽ መታየቱ ተነግሮ ዓለም ተደንቆ ነበር። በኋላ ግን ቅርጾቹ ያለ ሕይወት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ ብዙ ተመራማሪዎች አሳዩ፤ ነገሩም ማረጋገጫ ሳያገኝ ቀረ።

በመሆኑም ዛሬ የሚሰናዳ ሮቦት አንድ ምስክር ብቻ ይዞ አይሄድም። በሮዛሊንድ ፍራንክሊን ላይ አንዱ መሣሪያ ቅርጹን ያያል፤ አንዱ የማዕድኑን ዓይነት ይለያል፤ አንዱ ከሕይወት ጋር የተያያዙ ንጥረ ነገሮችን ያነፈንፋል። ሁሉም በየራሳቸው መንገድ አንድ ነገር ከመሰከሩ ብቻ ቃላቸው ይደመጣል። መሰርሰሪያውም እስከ ሁለት ሜትር ጥልቀት ይወርዳል። የማርስን ገጽ የሚደበድበው ጨረር የጥንቱን ርዝራዥ ያጠፋዋልና ንጹሑን ምስክር ከሥር መፈለግ ያስፈልጋል።

ዳሎል ሌላም ነገር አስተምሯል። ለብዙ ጊዜ የጠፈር ተመራማሪዎች መመሪያ "ውኃ ባለበት ሕይወትን ፈልግ" የሚል ነበር። ሁለተኛው ጥናት እንዳሳየው ግን ውኃ እያለም ሕይወት ላይኖር ይችላል። የማግኒዝየም ጨው የበዛበት ውኃ የተሕዋስያንን አካል ያፈርሳል። አሲድና ጨው ሲደመሩም እንዲሁ። ስለዚህ ማርስ ላይ የደረቀ ሐይቅ ሲገኝ "ውኃ ነበረ" ብሎ ማቆም አይበቃም፤ "ምን ዓይነት ውኃ ነበረ?" ተብሎ ይጠየቃል።

ሳይበክሉ መመርመር

ሁለተኛው ቡድን ከሰው የመጣ ርዝራዥ ናሙናው ውስጥ አገኘ ብለናል። ማርስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢፈጠር አስቡት። ሮቦቱ "ሕይወት አገኘሁ" ብሎ ያበሥራል፤ ያገኘው ግን ከሠራው ሰው እጅ የተጣበቀበትን ተሕዋስ ነው። ስለዚህ በ1967 በተፈረመው የጠፈር ስምምነት አገሮች ሌሎች ፕላኔቶችን እንዳይበክሉ ግዴታ ገብተዋል። ሮቦቱ የሚገጣጠመው አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ እንደ ቀዶ ሐኪም ከራስ ፀጉር እስከ እግር ተሸፍነው ይሠራሉ። ዕቃው በአልኮል ይወለወላል፤ ሙቀት የሚችለው በሙቀት ይጸዳል። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ ቫይኪንግ መንኮራኩሮች ከመነሣታቸው በፊት ከ110 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት እንደ ዳቦ ተጋግረዋል።

ይህ ነገር ወደ ዳሎልም ይመልሰናል። የፈተና ቦታ ዋጋ የሚኖረው ንጹሕ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። ጎብኚ በበዛበት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆሻሻ በተጣለበት ኩሬ ላይ የሚደረግ ምርመራ ማንን ያሳምናል? በአካባቢው ፖታሽ የተባለው ማዕድን እንዳለም ይታወቃል፤ አንድ ቀን በስፋት መውጣቱ አይቀርም። የአፋር ሕዝብ ከማዕድኑም ከጉብኝቱም ሊጠቀም ይገባዋል። ይሁንና ማርስን የሚያክል ጥያቄ የሚፈተንበትን ስፍራ ሳይበክሉ መጠቀም ይቻላልና ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ሌሎች እንዴት ተሰናዱ? እኛስ?

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ወደ ማርስ እንሄዳለን ብለው ያስታወቁት በ2014 ነበር። ፕላኔት የማሰስ ልምድ አልነበራቸውም። ሁሉንም ከሌላ መግዛት በቻሉ ነበር። እነሱ ግን ወጣት መሐንዲሶቻቸውን በአሜሪካ ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጎን አሰልፈው አብረው እየሠሩ እንዲማሩ አደረጉ። "አል-አመል" ማለትም "ተስፋ" የተባለችው መንኮራኩራቸው በሐምሌ 2020 ከጃፓን ተነሣች፤ የካቲት 9 ቀን 2021 ማርስን መዞር ጀመረች። አየሯን የምታጠና እንጂ የምታርፍ መንኮራኩር አይደለችም። ሆኖም ከዐረቡ ዓለም ማርስ የደረሰች የመጀመሪያዋ ናት። በሞሮኮም ማራካሽ ላይ በታላቁ ተጓዥ በኢብን ባጡጣ ስም የተሰየመ ማዕከል አለ። ለማርስ የሚሰናዱ መሣሪያዎች በሞሮኮ በረሃ እንዲፈተኑ ያግዛል። በረሃቸውን የዕውቀት ገበያ አድርገውታል ማለት ነው።

እኛስ? ባዶ እጃችንን አይደለንም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተመሥርቷል። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች፤ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ይህች ሳተላይት እርሻን፣ ውኃንና የአካባቢን ሁኔታ እንድትከታተል የተሠራች ነበረች። መሐንዲሶቻችን በሥራው ተሳትፈዋል፤ መቆጣጠሪያውም እንጦጦ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ በዳሎል ጉዳይ የአገራችን ተመራማሪዎች ድርሻ ገና አነስተኛ ነው። ከላይ ከጠቀስናቸው ሁለት ጥናቶች ጸሐፊዎች አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ናቸው። ኩሬው የእኛ ሆኖ ሳለ ናሙናው ባሕር ተሻግሮ ይመረመራል፤ ክርክሩም እዚያው ይካሄዳል።

"የተራበ ሰው ባለበት አገር የማርስ ነገር ምን ይሠራል?" ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ የራሷን ሮቦት ወደ ማርስ ትላክ የሚል የለም። ነገር ግን የዳሎልን ውኃ በትክክል መመርመር የሚችል ባለሙያ የአቃቂን የጉድጓድ ውኃም መመርመር ይችላል። ናሙና ሳይበክል መውሰድ፣ መለኪያን መጠየቅ፣ በአንድ ማስረጃ አለመፍረድ፤ እነዚህ ለማርስም ለሰፈራችንም የሚያስፈልጉ ሙያዎች ናቸው። ፋብሪካና መኖሪያ ጎን ለጎን በቆሙበት እንደኛ ባለ ክፍለ ከተማ ደግሞ ወንዝና ጉድጓድ ምን እንደያዘ በትክክል የሚነግረን ልጅ ማፍራት ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ከልጆቻችን ጋር

ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ቀላል ነገር እንድትሞክሩ እንጋብዛችኋለን። በሙቅ ውኃ ውስጥ ጨው፣ መሟሟት እስኪያቅተው ድረስ፣ ጨምሩና አማስሉ። ሲበርድ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሱት። አንድ የክር ጫፍ ውስጡ ነክራችሁ ሌላውን ጫፍ በሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳርፉና ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውኃው ይደርቃል፤ በሳህኑና በክሩ ላይ የጨው እንክብሎች አድገው ይታያሉ። ልጆቹን "ይህ ነገር አድጓል፤ ታዲያ ሕይወት አለው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። መልስ ለመስጠት አትቸኩሉላቸው። እንዴት እንደሚያጣሩ እነሱ ይንገሯችሁ። አንዱ ውኃ እንጨምርበት ይላል፤ ሌላው በማጉያ መነጽር እንየው ይላል። ዳሎል ላይ ሊቃውንቱ የተከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ሮዛሊንድ ፍራንክሊን እንደ ዕቅዱ ከሄደች ማርስ ላይ የምታርፈው በ2030 ነው። ዛሬ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ያሉት ልጆቻችን ያን ጊዜ ኮሌጅ በር ላይ ይደርሳሉ። ከማርስ ሥር የወጣው አፈር ምን እንደያዘ ክርክር ሲነሣ፣ "ይህን የመሰለ ነገር በአገራችን ዳሎል ላይም ታይቷል" ብለው በዕውቀት የሚናገሩ ከመካከላቸው እንዲወጡ አላህ ይርዳን።